የምክር ዓምድ፦ «ይሄ ልጅ የሚሠራውን አያውቅም»

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። 31 ዓመቴ ነው። ሁለት አጫጭር ፊልሞች ሠርቻለሁ፤ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይም ረዳት አዘጋጅ ነበርኩ። አሁን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሜን እየቀረጽኩ ነው። የወንጀል ፊልም ነው። በ1985 ዓ.ም. መርካቶ ውስጥ በኮንትሮባንድ ስለከበረ አንድ አባትና ስለ ልጆቹ ነው። ቀረጻ ከጀመርን ዘጠኝ ቀናችን ነው።

ፕሮዲውሰሩ ከጅምሩ ታሪኩን ወደ ዛሬ አምጣው ይለኛል። የድሮ መኪናና የድሮ ልብስ ገንዘብ ይበላል ነው ነገሩ። ዋናውን ልጅ የሚጫወተውንም አልወደደውም። ከቴአትር ያመጣሁት፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ነው። «ፊቱ ትኬት አይሸጥም፣ ቀይረው» አለኝ። ተኩስም ጨምር ይለኛል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሜ ሳለ ሁለት የራሴ ሰዎች «ይሄ ልጅ የሚሠራውን አያውቅም» ሲባባሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

የፊልም ፍቅር ያስያዘኝ «ዘ ጎድፋዘር» ነው። ሰሞኑን አዘጋጁ ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ስለ ፊልሙ የሰጣቸውን ቃለ ምልልሶች ሳይ አመሸሁ። ብርታት አገኛለሁ ብዬ ነበር። ሰውዬው ግን ስለዚያ ቀረጻ ሲያወራ እንደ ቁስል ነው የሚነካው። እሱ እንዲያ ያለ ሥራ ሠርቶ እንዲህ ካለ፣ እኔማ ምን ልሆን ነው? እናቴ ቤቷን አስይዛ ልትበደርልኝ ፈቃደኛ ናት። ፕሮዲውሰሩን ከፍዬ ላሰናብተውና በራሴ ልጨርሰው? ወይስ ጨርሶ ልተወው? ምን ይመክሩኛል?»

መልሱ

ወንድሜ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ከሰማኸው ልጀምር። እንቅልፍ የነሳህ እሱ ነውና።

ኮፖላም ሰምቶታል። እሱ የሰማው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ሁለት የቀረጻ ቡድኑ ሰዎች ገቡና ስለ ፊልሙ ወሬ ጀመሩ። የማይረባ ነገር ነው፣ አዘጋጁም ምንም አያውቅም ይባባላሉ። ኮፖላ በጫማው እንዳይለዩት ብሎ እግሮቹን ከመሬት አነሳ። እስቲ አስበው። ያን ፊልም የሚሠራው ሰው እግሩን ሰቅሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሰዎቹ እስኪወጡ ይጠብቃል። ቀረጻው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1971 ነው። ኮፖላ ያን ቀን 31 ዓመቱ ነበር። ያንተው ዕድሜ። (ከዚህ በኋላ ስለ እሱ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የምነግርህ አንተም ኮፖላ ትሆናለህ ለማለት አይደለም። ያንን ማንም አያውቅም። የምነግርህ ያ ቃል ስለ ፊልምህ ምንም እንደማያስረዳ እንድታይ ነው። ዘጠኝ ቀን የተቀረጸ ፊልም ገና ቁሌት ላይ ያለ ወጥ ነው። ማንኪያ ከትቶ የቀመሰ ሰው ጥሬ ሽንኩርት እንጂ ወጡን አላገኘውም። ሙሉው ያለው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ላይትማኑ የሚያየው አንድ ትዕይንት ሰባት ጊዜ ሲደገም ነው።

እኔ በወጣትነቴ ቴአትር ቤት መብራት ላይ ሠርቻለሁ። ከመብራቱ ጀርባ ስንት አዘጋጅ አምተናል መሰለህ። አብዛኛውን ጊዜ የምናማው ምሳ ሲዘገይ ወይም የነገው ፕሮግራም ሳይነገረን ሲቀር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አጣራ። ሰዎችህ በሰዓቱ ይበላሉ? የነገው ሥራ ዛሬ ማታ ይደርሳቸዋል? ውሎ አበላቸው አልዘገየም? ሐሜቱ ከዚህ የመጣ ከሆነ በአንድ ቀን ትፈታዋለህ።

ሐሜት ሌላ ነው፣ ሴራ ግን ሌላ ነው። ኮፖላን ሁለቱም አጋጥመውታል። ከኤዲተሮቹ አንዱ የተቀረጸው አይገጣጠምም የሚል ወሬ ለስቱዲዮው አደረሰ። እሱን አስወጥተው ሌላ አዘጋጅ ሊያመጡ ነው ተባለ፤ የኤልያ ካዛን ስም ሳይቀር ይነሳ ነበር። አባትየውን የሚጫወተው ማርሎን ብራንዶ እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ አለ። ኮፖላም ነገሩን ካረጋገጠ በኋላ ያሴሩበትን ሰዎች ቀድሞ አሰናበታቸው። አንተ ግን እስካሁን የሰማኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰው አይባረርም።

አሁን ወደ ፕሮዲውሰርህ ልምጣ። በደብዳቤህ ውስጥ እንደ ጠላት ነው የሳልከው። ትንሽ ቆይ።

ኮፖላ ያንን ፊልም መሥራት ራሱ አልፈለገም ነበር። የማሪዮ ፑዞ ልብ ወለድ በ1969 ወጥቶ እንደ ጉድ ይሸጣል። የፊልም ስቱዲዮው ፓራማውንት መብቱን ይዟል። ለኮፖላ ሲያቀርቡለት ማንበብ ጀመረና ርካሽ ነገር መስሎት ተወው። ግን ዕዳ ነበረበት። በ1969 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከጓደኛው ከጆርጅ ሉካስ ጋር አሜሪካን ዞኢትሮፕ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ሌላው ስቱዲዮ ዋርነር ብራዘርስ ያበደረውን ብዙ መቶ ሺህ ዶላር መልስ አለው። ሉካስ ገንዘቡ ያስፈልገናል፣ ሥራው ብሎ ወተወተው። ስለዚህ አስታውስ፦ ያ ፊልም የተጀመረው በሌላ ሰው ገንዘብ፣ በሌላ ሰው ሐሳብ፣ በዕዳ ምክንያት ነው።

ከዚያ መጽሐፉን እንደገና አነበበው። በሁለተኛው ንባብ ሌላ ነገር አገኘ። ስለ ወንበዴዎች ከሚያወራው ታሪክ ሥር አንድ ንጉሥና ሦስት ልጆቹ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ቁጡ ነው። ሁለተኛው ደካማ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከነገሩ ሁሉ ርቄያለሁ የሚል ነው። አልጋው የማን ይሆናል? ኮፖላ በኋላ ዘመኑ ሲናገር እያንዳንዱን ፊልሙን በአንድ ቃል እንደሚይዘው ገልጿል። የዚህኛው ቃል ውርስ ነው። ግራ ሲገባው፣ ልብሱ ይሄ ይሁን ወይስ ያ፣ መብራቱ ይጨምር ወይስ ይቀንስ ሲባል፣ ወደዚያ ቃል ይመለሳል። እኛ አልጋ ወራሽ የሚል ቃል ባለበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አንፈልግም።

ያንተ ፊልም ቃሉ ምንድን ነው? ደብዳቤህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ስለ ፕሮዲውሰሩ ብዙ ጽፈሃል። ስለ ተዋናዩ ጽፈሃል። አባትየው ልጆቹን ምን እንደሚፈልጋቸው ግን አልነገርከኝም። ይህን በወቀሳ አትያዝብኝ። ሰው ሲፈራ መጀመሪያ የሚረሳው ይህንኑ ነው።

ወደ ዛሬ አምጣው የሚለው ጥያቄ እሱም ላይ መጥቷል። ስቱዲዮው ታሪኩ በዚያው በ70ዎቹ መጀመሪያ እንዲሆን፣ ከኒው ዮርክ ወጥቶ ረከስ ባለ ከተማ እንዲቀረጽ ፈልጎ ነበር። ምክንያቱም ያው ያንተው ነው፤ የ1940ዎቹ መኪና፣ ባርኔጣና የመንገድ መብራት ውድ ነው። ኮፖላ እንቢ አለ። እንቢታው ግን ባዶ ግትርነት አልነበረም። ፊልሙ ሲከፈት ሦስተኛው ልጅ ማይክል ወደ እህቱ ሠርግ የሚመጣው የአሜሪካን ማሪን ጦር የደንብ ልብስ ለብሶ ነው። ከጦርነት ነው የተመለሰው። አገሩን አገልግሎ፣ ሜዳሊያ ተሸልሞ፣ የአባቱን ሥራ ንቆ ነው የቆመው። ያ ልብስ ከሌለ የማይክል ውድቀት ውድቀት አይሆንም። 1945 ከታሪኩ ቢወጣ ታሪኩ ይፈርሳል።

አንተም ይህን መመለስ አለብህ። 1985 ዓ.ም. ለምን? ደርግ ከወደቀ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ኬላው ተለውጧል፣ የሚያውቁት ሹም ተለውጧል፣ ትናንት የሚፈራ ሰው ዛሬ አይፈራም። አባትየው የሀብት መንገዱን ያበጀው በድሮው ሥርዓት ከሆነና ልጁ አዲሱን ሥርዓት የሚያውቅ ከሆነ፣ ዘመኑ ጌጥ አይደለም፣ የታሪኩ ምሰሶ ነው። እንደዚያ ከሆነ በአንድ ገጽ ጻፈውና ለፕሮዲውሰሩ ስጠው። መልሱ «የድሮ ነገር ስለሚያምር» ብቻ ከሆነ ግን እውነት እልሃለሁ፣ እሱ ልክ ነው። ወደ ዛሬ አምጣው።

ወጪውን በተመለከተ ደግሞ የኮፖላን ካሜራማን ጎርደን ዊሊስን ሥራ እንደገና እይ። ፊልሙን የምናስታውሰው በምንድን ነው? በዚያ በጨለመ ቢሮ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። መብራቱ ከላይ ነው የሚወርደው። የብራንዶ ዓይኖች ጥላ ውስጥ ናቸው፣ ምን እንደሚያስብ አታውቅም። ውጪ ፀሐይ፣ ዘፈን፣ ሠርግ አለ። የዚያን ጊዜ ሰዎች ይህ ሁሉ ጨለማ ስህተት መሰላቸው። ከዊሊስና ከኮፖላ ውጪ ያመነበት ጥቂት ሰው ነው። አንተም የመርካቶን መንገድ በሙሉ በድሮ መኪና መሙላት የለብህም። ከሱቅ ጀርባ ያለች ጠባብ መጋዘን፣ ከላይ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል፣ ሚዛን፣ የተከመረ ጆንያ፣ የአባትየው መዳፍ። ዘመኑ እዚያ ውስጥ ይገባል። አንድ የመንገድ ትዕይንት ብቻ በደንብ ሥራ። ሌላውን በድምፅ አምጣው።

ስለ ድምፅ ካነሳን፣ ስለ ተዋናይህም የምመልስልህ በዚያው ነው።

ማይክልን የተጫወተውን አል ፓቺኖን ስቱዲዮው አልፈለገውም። አጭር ነው፣ ስሙ አይታወቅም ተባለ። ሌሎችን ደጋግመው ፈተኑ። ኮፖላ ግን መጽሐፉን ሲያነብ፣ ማይክል በሲሲሊ ገጠር ሲሄድ፣ የሚታየው የፓቺኖ ፊት ነበር። በመጨረሻ ፈቀዱለት። ቀረጻው ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምስል ያዩት ሰዎች ልጁ ምንም አይሠራም አሉ። ዝም ብሎ ይቆማል። ሊያባርሩት ተቃረቡ። ፓቺኖ ራሱ ኮፖላ ጠርቶ «እየሆነልህ አይደለም» እንዳለው ተናግሯል።

ኮፖላ ምን አደረገ? አልተከራከረም። በኋላ ሊቀረጽ የታሰበውን የምግብ ቤቱን ትዕይንት ወደ ፊት አመጣው።

ያንን ትዕይንት ዛሬ ማታ እየው። አንዴ ለታሪኩ፣ አንዴ ለዓይኑ፣ አንዴ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ለድምፁ። ማይክል በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ከሁለት ሰዎች ጋር ተቀምጧል። አንዱ አባቱን ያስመታ ነው፤ ሌላው ጉቦ የሚበላ የፖሊስ መኮንን ነው። ሽጉጡ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተደብቆለታል። ወጥቶ መተኮስ ነው ዕቅዱ። ሄዶ ሽጉጡን አገኘ። ተመለሰ። ግን እንደተነገረው ወዲያው አልተኮሰም፤ ተቀመጠ። ሰውዬው በጣልያንኛ ያወራል። ትርጉም ከታች አልተጻፈም። ለምን? ማይክልም እየሰማ ስላልሆነ ነው። ካሜራው ፊቱ ላይ ቀረ። ዓይኖቹ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። የድምፅ ባለሙያው ዋልተር መርች እዚያ ላይ የባቡር ድምፅ አስገባ። ባቡሩ አይታይም። የብረቱ ሲጥጥታ እየጨመረ፣ እየጨመረ ጆሮ እስኪበሳ ይደርሳል። ያ ባቡር የልጁ ልብ ነው። ከዚያ ተነሳና ተኮሰ።

ያንን ካዩ በኋላ ፓቺኖን ይባረር ያለ የለም። ዝም ብሎ ይቆማል ያሉት ሰዎች ዝምታው ለምን እንደሆነ ገባቸው።

እንግዲህ ያንተ ልጅ የሚያሳየው ትዕይንት የትኛው ነው? አንድ ቦታ አለ፣ ልጁ ካልተሳካለት ፊልሙ የማይሳካበት። ፕሮግራምህን ቀይርና እሱን በዚህ ሳምንት ቅረጸው። ራስህ ቁጭ ብለህ አስተካክለህ ቁረጠው። ሙዚቃ አትጨምርበት። ፕሮዲውሰሩን ጥራና መብራት አጥፍተህ አሳየው። ሲያልቅ አንተ ቀድመህ አታውራ። ልጁ እዚያ ላይ ካልያዘህ ደግሞ ለራስህ ታማኝ ሁን፤ ያኔ ስለ መቀየር ማሰብ ነውር የለውም።

ኮፖላ ብራንዶንም ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። የስቱዲዮው ፕሬዚዳንት ማርሎን ብራንዶ በዚህ ፊልም ውስጥ አይኖርም ብሎ ዘግቶት ነበር። አስቸጋሪ ነው፣ ፊልሞቹም ከስረዋል ይሉታል። ኮፖላ ትንሽ ካሜራ ይዞ ጠዋት ብራንዶ ቤት ሄደ። አይብ፣ የጣልያን ቋሊማና ሲጋር ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ብራንዶ ከእንቅልፉ ተነስቶ ወጣ። ረጅም ቢጫ ጸጉር ነበረው። ጸጉሩን ጠቀለለና በጫማ ቀለም አጠቆረው። ሶፍት ጠቅልሎ ጉንጮቹ ውስጥ ወተፈ። ቡልዶግ ውሻ መምሰል አለበት አለ። ድምፁ ተለወጠ። ገና 47 ዓመት ያልሞላው ሰው ካሜራው ፊት ሽማግሌ ሆነ። ያችን ቁራጭ ያዩ አለቆች ክርክሩን ተዉት። አየህ፣ አለቃ በንግግር አይረታም። ያየውን ግን መካድ ያቅተዋል።

ስለ ዝግጅቱ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እኔ ከዚህ ሰውዬ የምወድለት ይህንን ነው። ኮፖላ የፑዞን መጽሐፍ ገጾች እየቆረጠ በትልልቅ ወረቀት ላይ ለጠፋቸው። በገጹ ዙሪያ ሰፊ ባዶ ቦታ ተወ። ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ካፌ ትሪየስቴ የሚባል ቡና ቤት እየተቀመጠ፣ ቡናውን እየጠጣ፣ ዳር ዳሩን በብዕር ሞላው። ለእያንዳንዱ ትዕይንት ምን እንደሚሆን፣ ዘመኑ እንዴት እንደሚታይ፣ ምስሉና ስሜቱ ምን እንደሚመስል፣ የነገሩ እምብርት የቱ ጋ እንደሆነ ጻፈ። ከሁሉ የገረመኝ የመጨረሻው ነው፦ ትዕይንቱ ሊበላሽ የሚችልባቸውን መንገዶች አስቀድሞ ዘርዝሯል። ያ ጥራዝ በ2016 ታትሞ ወጥቷል። ኮፖላ ስክሪፕት ባይኖር እንኳ ፊልሙን ከዚያ ጥራዝ ብቻ መሥራት እችል ነበር ብሏል።

የፈራ ሰው ሥራ ነው። አንተም ፍርሃትህን እንዲያ አድርገህ ወረቀት ላይ አውርደው። ሌሊት አልጋ ላይ ሲገላበጥብህ የሚያድረውን ሁሉ በየትዕይንቱ ስር ጻፈው። እዚህ ጋ ለቅሶው ሊበዛ ይችላል። እዚህ ጋ ዘበኛው አስቂኝ ሊመስል ይችላል። ጠዋት ቀረጻ ቦታ ስትደርስ ፍርሃቱ መመሪያ ይሆንልሃል።

አንድ ሌላ ነገር ስረቅ። ኮፖላ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ተዋናዮቹን ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የጣልያን ምግብ ቤት ጠራቸው። ብራንዶ፣ ፓቺኖ፣ ጄምስ ካን፣ ሮበርት ዱቫል አሉ። ብራንዶን በጠረጴዛው ራስ አስቀመጠው። እህቱን ታሊያ ሻየርን፣ በፊልሙ ውስጥ የማይክልን እህት የኮኒን ሚና የያዘችውን፣ ምግቡን አንቺ አቅርቢ አላት። ልምምድ ነው አላለም። ሲበሉ ሲጠጡ ሳይታወቃቸው ቤተሰብ ሆኑ። ካን ሊያስቅ ይሞክራል። ፓቺኖ ዝም ይላል። ሁሉም አባትየውን በዓይኑ ይፈልጋል።

ለኛማ ይህ ምንኛ ቀላል ነው! ተዋናዮችህን አንድ ትሪ ዙሪያ አስቀምጣቸው። ትንሹ ልጅ አባትየውን እጅ ያስታጥብ። ማን መጀመሪያ እንደሚቆርስ እይ። አባትየው የሚያጎርሰው ማንን ነው? የማያጎርሰውስ? ትልቁ ልጅ ያንን ጉርሻ ሲያይ ፊቱ ምን ይሆናል? ስክሪፕትህ ውስጥ የሌለ ሦስት ገጽ ንግግር እዚያች ትሪ ላይ ታገኛለህ። ወጪው የአንድ ምሳ ነው።

ተኩስ ጨምር ስላለህ ደግሞ። ኮፖላንም ፊልሙ ቀዝቅዟል፣ ድብድብ ያንሰዋል ብለውት ነበር። ሌላ ሰው ልከው ሊያሠሩበት እንዳይሞክሩ ፈራ። ከእህቱ ጋር ቅዳሜና እሁድ ተቀምጠው አንድ ትዕይንት አወጡ፤ እርጉዟ ኮኒ ቤቷ ውስጥ ሳህኑን ሁሉ ስትሰብር፣ ባሏም በቀበቶ ሲያሳድዳት። አንድ ጥይት የለበትም። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ከሁሉ የሚያሰቅቀኝ እሱ ነው። ፕሮዲውሰርህ ተኩስ ሲል ምናልባት የሚፈልገው ተመልካቹ ወንበሩን እንዲጨብጥ ነው። ያንን ከጓዳ ማምጣት ትችላለህ።

ከጎንህ ያሉትን መስማትን ግን እንዳትተው። የዚህ ሰውዬ ትዝታዎች ግማሹ ሌሎች ሰዎች ያዳኑት ነገር ነው። ስክሪፕቱ ላይ አንድ ወንበዴ ወጥ ሲሠራ ያስተምራል። ኮፖላ ስለ ማቁላላቱ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ዓይነት ቃል ጻፈ። ፑዞ አየውና ሰረዘው። ወንበዴ እንዲህ አይልም፣ «ጥበስ» ነው የሚለው ብሎ አረመው። አንዲት ቃል ናት። ስክሪፕትህን አንድ ዕድሜውን መርካቶ የኖረ ሰው አስነብበው። «እንደዚህ አንልም» ሲልህ እስክሪብቶውን ስጠው።

የሆስፒታሉን ትዕይንት ሲያገጣጥሙ ደግሞ ውጥረት አነሰው። የባዶ ኮሪደር ምስል ያስፈልጋል፣ አልተቀረጸም። ሉካስ የተጣሉትን ጫፎች ለቀመ። ተዋናዩ ከፍሬሙ ከወጣ በኋላ፣ ኮፖላ «ቁረጥ» ከማለቱ በፊት ካሜራው ባዶ ኮሪደር ይዞ ቆይቶ ነበር። እነዚያን ቀጣጠሏቸው። ስለዚህ ለካሜራማንህ ንገረው፦ ትዕይንቱ ሲያልቅ አምስት ሰከንድ ይቆይ።

ሌኒ ሞንታናን አስታውሰው፣ የአባትየውን ገዳይ አገልጋይ የተጫወተውን ያንን ግዙፍ ሰው። ትግል ተጫዋች ነበር እንጂ ተዋናይ አልነበረም። ብራንዶ ፊት ሲቀርብ ደነገጠና ቃሉ ተደነቃቀፈበት። ኮፖላ አልጣለውም። ሰውዬው ሠርጉ ላይ ለብቻው ተቀምጦ ቃሉን ሲያጠና የሚያሳይ ትንሽ ትዕይንት ጨመረለት። አሁን ስናየው፣ እንደዚያ ያለ ገዳይ እንኳ ጌታውን እንዴት እንደሚፈራ ነው የምናየው።

በነገራችን ላይ የፊልሙ ስም በኛ ቋንቋ የክርስትና አባት ማለት ነው። በመጨረሻ ማይክል የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል። ቄሱ ሰይጣንን ትክዳለህ ወይ ይለዋል። እክዳለሁ ይላል። በዚያው ሰዓት የላካቸው ሰዎች ጠላቶቹን አንድ በአንድ ይገድላሉ። ኦርጋኑም አይቋረጥም። የክርስትና አባት ሕፃኑን ወክሎ ሰይጣንን ሲክድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የሰማ ኢትዮጵያዊ ያንን ትዕይንት ከማንም በላይ ይሰማዋል ብዬ አምናለሁ። የሕፃኑ ሚና የተሰጠው ለኮፖላ ገና ለተወለደችው ልጅ ለሶፊያ ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄህ። ይህን ሁሉ ሠርቶ ለምን ያመዋል?

እኔ የገባኝን ልንገርህ። ፊልሙ በ1972 ወጣ። ሲኒማ ቤቶች ፊት ሰልፉ ረዘመ። በተከታዩ ዓመት የምርጥ ፊልም ኦስካር አገኘ። ያ ሁሉ ግን መጸዳጃ ቤት ውስጥ እግሩን ሰቅሎ የተቀመጠውን ሰው አልደረሰለትም። ያ ሰው እዚያው ቀርቷል። ድሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ቀን አይጠግንም። ኮፖላ ደስተኛ አልነበርኩም የሚለው ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለነዚያ ቀናት ነው፤ እውነቱን ስለሚናገርም አከብረዋለሁ። በቃለ ምልልሶቹ ሌላም ነገር ይላል፤ በወጣትነትህ የሚያባርሩህ ነገር በእርጅናህ ያንኑ አንስተው ይሸልሙሃል። ያኔ የተጣላባቸውን ነገሮች ቁጠራቸው፤ ብራንዶ፣ ፓቺኖ፣ ዘመኑ፣ ጨለማው፣ የኒኖ ሮታ ሙዚቃ። ዛሬ ፊልሙ የሚታወሰው በነዚሁ ነው።

ስለዚህ አንተ ቀናትህን ተንከባከብ። ፊልሙ ሲያልቅ ደስ ይለኛል ብለህ ለወደፊት አታቆየው። ከሚያምንህ አንድ ሰው ጋር በየምሽቱ ቁጭ በል። ያ የቴአትር ልጅም ፈርቷል፤ ስለ እሱ የሚባለውን እንደሚሰማ እርግጠኛ ነኝ። ሄደህ አናግረው።

አትተወው። የምትተወው ቃሉን ፈልገህ ካጣኸው ብቻ ነው።

የእናትህን ቤት ግን አትንካ። በዚህ ላይ አልለሳለስም። ኮፖላ በኋላ የቬትናም ፊልሙን ሲሠራ የራሱን ንብረት አስያዘ፤ ያኛው ለጥቂት አተረፈው። በ1982 «ዋን ፍሮም ዘ ሃርት» የሚለውን ፊልም ሠራና ከሰረ። ያንን ዕዳ ለመክፈል ዓመታት ሙሉ የሰው ትእዛዝ ሲሠራ ኖረ። ያም ሆኖ እሱ ያስያዘው የራሱን ነው። ያንተ እናት ቤት ግን የእሷ እርጅና ነው። ፕሮዲውሰርህ ያስጨንቅሃል፣ አውቃለሁ። ፓራማውንትም ኮፖላን አስጨንቆታል። ግን ገንዘቡ የነሱ ስለነበር፣ ፊልሙ ቢወድቅ የሚወድቀው ፊልሙ ብቻ ነበር።

ዛሬ ማታ ለእናትህ «ካርታውን መልሰሽ ሣጥንሽ ውስጥ አስቀምጪው» በላት። ከዚያ ነገ ጠዋት ለረዳት አዘጋጅህ ደውልና ያንን ትዕይንት ሐሙስ እንደምትቀርጸው ንገረው።